የጠፈር እድር በቀራንዮ

የአዲስ አበባ ሰው ሁለት ነገር አይጥልም፤ ፌስታልና ቂም። ቂሙን ለጊዜው እንተወው፤ ባለቤቱ ያውቅበታል። ፌስታሉን ግን እስቲ ሂዱና ከማዕድ ቤታችሁ በር ጀርባ ተመልከቱ። አንድ ትልቅ ፌስታል ተንጠልጥሏል፤ በውስጡ ስንት ትንንሽ ፌስታል እንደታጨቀ የሚያውቅ አለ? የለም። ከፍሪጁ በላይ ደግሞ ክዳኑ የጠፋ የአይስክሬም ዕቃ አለ፤ ክዳኑም እዚያው ቤት ውስጥ አንድ ቦታ ዕቃውን ይፈልጋል። «ይጠቅማል» የምትባል አንዲት ቃል አለችን፤ በእሷ ስም ያላከማቸነው ነገር የለም። መቼ ነው የሚጠቅመው? ለማን? ይህን የሚጠይቅ ሰው የቤቱ ጠላት ነው።

እኔም ከዚሁ ሕዝብ የተወለድኩ ነኝና፣ አንድ ቀን ጠፈር ብወጣ ምን የማደርግ ይመስላችኋል? ባንዲራ የምተክል? ፎቶ የምነሳ? አከማቸሁ እንጂ! ያገኘሁትን ሁሉ እየለቀምኩ አጨቅሁ። ጣጣውም የመጣው ከዚሁ ነው።

ጠፈር ወጣሁ ስላችሁ ከቀራንዮ ወጣሁ ማለቴ እንዳይመስላችሁ። ደረጀ እባላለሁ፤ ከመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ወረድ ብሎ ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ጠዋት ጠዋት መታወቂያ ኮፒ የሚያስደርግ ሰው ይጎርፋል፤ ከሰዓት በኋላ ግን ዝንብም ዝር አይልም። በዚያ ሰዓት ሌላው ነጋዴ በር ላይ ቆሞ ሰው ያማል፤ እኔ ኮምፒውተሬ ላይ መንኮራኩር እነዳለሁ። ጌም ነው። አዎ፣ ፀጉሬ ሸብቷል። አዎ፣ የልጆች አባት ነኝ። እና ምን ይጠበስ? ኳስ እያየ ቴሌቪዥኑን የሚሳደበው ጎረቤቴ ከእኔ በምን ይሻላል? እኔ ቢያንስ ማንንም አልሳደብም፤ በዝምታ ነው የምበርረው።

የጌሙ ነገር ሲያጥር እንዲህ ነው። መንኮራኩርህን ይዘህ ከኮከብ ኮከብ ትዞራለህ። አንዲት ፕላኔት ስታገኝ መሣሪያህን ታነጣጥርባትና ሙቀቷን፣ አየሯን፣ አፈሯን ትመዘግባለህ። መረጃ የሚባለው ይኸው ነው። መረጃው መንኮራኩርህ ላይ ተጭኖ ይቆያል፤ ጣቢያ ወስደህ ካስረከብከው የአንተ ሆነ፣ ማንም አይነጥቅህም። ከዚያ በፊት መንኮራኩርህ ከተከሰከሰች ግን አብሮ ነደደ ማለት ነው። አንድ ሌላ ነገር ደግሞ ልብ በሉልኝ፤ ከዚህ በፊት ማንም ያላስረከባትን ፕላኔት መጀመሪያ ያስረከበ ሰው ስም ያወጣላታል። የክርስትና አባቷ ሆነ በሉት።

እንግዲህ ብልህ ሰው ምን ያደርጋል? አንድ ሁለት ፕላኔት መዝግቦ ጣቢያ ሄዶ ያስረክባል፣ ተመልሶ ሌላ ይፈልጋል። እኛ ግን «እስቲ ይቺን ደግሞ፣ ይቺንም ብቻ» እያልን እንጭናለን። ማከማቻው ደግሞ ጆንያ ነው። መደርደሪያ የለው፣ መለያ የለው፤ በረዶውም፣ እሳቱም፣ ድንጋዩም፣ ጋዙም እላይ በላዩ ይጣላል። ስማቸው ሁሉ «ያልተሰየመ፣ ያልተሰየመ፣ ያልተሰየመ» ነው። አንዱን ፈልገህ ልታወጣ ስትገባ ራስህም ትጠፋለህ። እነዚህ ጌም ሰሪዎች መንኮራኩሯን እንዲያ አሳምረው ሲሠሩ፣ «አንድ ቁም ሳጥን ቢኖራት ምን አለበት?» የምትላቸው ሚስት የለቻቸውም? እያልኩ ስንቴ ተናድጃለሁ።

ጓደኛዬ ከድር ከሱቄ ፊት ለፊት ቀለም ይሸጣል። እሱም ተጫዋች ነው፤ እሱም አጫቂ ነው። አንድ ቀን ስንት ጊዜ ሲለፋበት የከረመውን መረጃ ሁሉ ጭኖ ወደ ጣቢያው ሲገሰግስ መብራት ድርግም አለ። መብራቱ ሲመለስ መንኮራኩሩ ከአንዲት ጨረቃ ጋር ተላትማ ዱቄት ሆናለች። ከድር ሱቁን እንዳለ ትቶ መንገዱን ተሻገረና፣ መጥቶ ወንበሬ ላይ ተቀመጠ። ክንዱ ላይ ሰማያዊ ቀለም፣ ዓይኑ ላይ ቀይ። «ወላሂ ሁሉም ሄደ» አለኝ። ምን ይባላል? «ያጥናህ» እንዳልለው ሰው አልሞተም፤ ዝም እንዳልለው ፊቱ የሐዘንተኛ ነው። ሻይ አስመጣሁለት። ሻዩን ሲያማስል ቆየና፣ ሰው ሲሞት እድር አለ፣ ለእንዲህ ዓይነቱ ሞት ምን አለን? አለኝ።

እኔ ሐሳብ ከሰማይ ሲወርድ አይቼ አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን አየሁ። እድር! ጌሙ ላይ ለቡድን የሚሰጥ የጋራ ግምጃ ቤት አለ፤ እዚያ የገባ መረጃ መንኮራኩር ቢነድም አይነድም። ስለዚህ እያንዳንዱ አባል ካገኘው ላይ ያዋጣል፣ መንኮራኩር የሞተችበት ደግሞ ከጋራው ተሰጥቶት ይቋቋማል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር አይደል? ይህን ጌም በዓለም ላይ ስንት ሰው እንደሚጫወተው አላውቅም፤ እድር ያቋቋምነው ግን እኛ ብቻ ለመሆናችን እጄን እቆርጣለሁ።

ከቤቴል የሚጫወቱ ጓደኞቻችን ተጨመሩና ስብሰባ ተጠራ። ስብሰባው መሣሪያ ይዘን ጠፈር ከዞርንበት ጊዜ ሁሉ ረዘመ። ማኅተም ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም? ማኅተም የሌለው እድር፣ እድር ነው ወይ? ማኅተሙ ላይስ መንኮራኩር ይሁን ድንኳን? (ድንኳን የታሰረባት መንኮራኩር ሆነች፤ የሣልኳት እኔ ነኝ፣ ጥሩ ሆና ወጣች።) ይህ ሁሉ በሰላም ካለቀ በኋላ ነው ከባዱ ጥያቄ የመጣው። የግምጃ ቤቱን የይለፍ ቃል ማን ይያዝ? ከድር እኔን አያምነኝም፣ እኔ ከድርን አላምነውም፣ የቤቴሎቹ ሁለታችንንም አያምኑንም። ስንዋደድ እንዲህ ነን። በመጨረሻ ጌም የማይጫወት፣ ከነገሩ የማይጠቀም፣ ግን ሰው ሁሉ የሚፈራው ዳኛ ይፈለግ ተባለ። ሁሉም ዞሮ እኔን አየኝ። ለምን? አማቴን ስለሚያውቋቸው ነዋ!

አማቴ እትዬ በላይነሽ የሰፈሩን የሴቶች እድር ለረጅም ዘመን በዳኝነት የመሩ ሴት ናቸው። በእሳቸው ጊዜ የእድር ድስት ጠፍቶ አያውቅም፤ ቢጠፋም ሌሊቱን ራሱ ተመልሶ ይመጣ ነበር ይባላል። ለቅሶ ቤት ዘግይታ የመጣች ሴት፣ እሳቸውን በር ላይ አይታ ወደ መጣችበት ስትመለስ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። ሄጄ ነገሩን ሳስረዳቸው ነጠላቸውን አስተካክለው በጥሞና ሰሙኝ። መንኮራኩር ምን እንደሆነች አልጠየቁም፤ ጠፈርም ድረስ ምን አስኬዳችሁ አላሉም። የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሚቀር አባል ምን ይቀጣል? ዳኛችንን ማግኘታችን እዚያው ገባኝ።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ሱቄ ይመጣሉ። ከኮፒ ማሽኑ አጠገብ ያለው ባለ ትራስ ወንበር የእሳቸው ሆነ። ሳይነበብላቸው ግምጃ ቤት የሚገባ ነገር የለም፤ «ቀዳዳ ድስት ለእድር አይገባም» ባይ ናቸው። ከድር ጽሑፉን ወደ አማርኛ እየመለሰ ያነብላቸዋል፣ እሳቸው ይጠይቃሉ። ውሃ አላት? ሙቀቷስ? ጎረቤቷ ማነው? መንገድ ያስገባል? ቀራንዮ ላይ ቦታ ሊገዛ የመጣ ሰው እንኳን እንዲህ አይጠይቅም። ጠይቀው ሲጨርሱ ይመድባሉ። ውሃ ያላት «ለቤተሰብ»፣ ማዕድን ያላት «ለሥራ»፣ ለማረፊያ የምትሆን «ለመንገደኛ»። አንዳንዷን ደግሞ ሰምተው ሲያበቁ «እሷን ከታች አድርጋት» ብለው ያልፋሉ።

ተአምር ነው የምላችሁ! ያ ጆንያ የነበረ ነገር ጓዳ ሆነ። አንድ ነገር ሲፈለግ ይገኛል፤ በእኛ ቤት እንኳን ይህ ሆኖ አያውቅም። ሌላ አገር ያሉ ተጫዋቾች ሳይቀሩ እንዴት እንደደረደርነው እየጠየቁ ይጽፉልን ጀመር። ከድርማ ለጌሙ ሰሪዎች አሠራሩን እንጠቁማቸው፣ ማከማቻቸውን ያሻሽሉበት ብሎ ነበር። እትዬ በላይነሽ ግን መጀመሪያ አባል ይሁኑ አሉ።

እዚህ ድረስ ሁሉም ሰላም ነበር። ነገር የመጣው በምላሴ ነው።

ባለቤቴ ሰናይት ቤቴል አንድ ክሊኒክ ውስጥ ነርስ ናት። ቀኑን ሙሉ የሰው ሕመም ስትሰማ ውላ ቤት ስትገባ፣ እኔ ደግሞ ስለ አንድ የጋዝ ደመና አወራታለሁ። ትሰማኛለች። እንዲህ ዓይነት ትዕግሥት ከየት እንደሚመጣ አላውቅም። አንድ የዕረፍት ቀኗ ግን ምሳ ላይ ትዕግሥቷ አለቀ። ሽሮውን ወደ እኔ ገፋ አደረገችና፣ ይህን ሁሉ ዓለም ስትዞር ለእኔ ምን ይዘህልኝ መጣህ? አለችኝ። እውነቷን እኮ ነው። ሰው ደብረ ብርሃን ደርሶ ሲመለስ እንኳን ብርድ ልብስ ይዞ ይገባል።

ጭንቅ ሲለኝ ምላሴ ከእኔ ቀድማ ሄደች። አንዲት ፕላኔት በስምሽ ልትሰየም ነው አልኳት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ! በእኔ ስም? አለች። በአንቺ አልኩ። «ሰናይት» ተብላ? አለች። አዎ፣ ሰናይት ተብላ፣ ዓለም ሁሉ እያያት አልኩ፤ አንዴ ከጀመርኩ ምን ያቆመኛል? ያን ጊዜ ያየሁትን ልንገራችሁ። ፊቷ ተፈታ። በተዋወቅን ሰሞን እንደምታደርገው አንገቷን ዘንበል አድርጋ፣ መቼ? አለችኝ። እሁድ አልኩ።

ይኸውላችሁ፣ ሰው ራሱን በራሱ ሲያስር! ወዲያው ለእህቶቿ ስልክ ደውላ፣ እሁድ ምሳ እኛ ቤት ኑ፣ ደረጀ የሚያሳያችሁ ነገር አለ ስትል ሰማሁ። በማግስቱ ሽሮዬ ላይ ሳልጠይቅ ቅቤ ተጨመረበት። በዚያ ቅቤ ደስ አለኝ፣ አፈርኩም። በአንዲት የስም ተስፋ እንዲህ የምትፈካ ሴት ይዤ ኖሬ ምንም ሳልሰጣት መክረሜ ከነከነኝ። ፕላኔቷ ካልተገኘች ደግሞ የሚቀረው ቅቤው ብቻ አይደለም። ያ የተፈታ ፊት ተመልሶ ይቋጠራል፤ እህቶቿም «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እያሉ ሲስቁባት ታየኝ። የእኔስ ይሁን፤ እሷ ለምን ታፍርብኝ?

እጄ ላይ ያሉትን ፕላኔቶች ሁሉ፣ እኔ ሳጭቅ ሌላ ሰው ቀድሞኝ አስረክቦ ስም አውጥቶላቸዋል። ማንም ያላስረከባት አንዲት ብቻ ነበረችኝ፤ እሷን ደግሞ ከሌሎቹ ጋር ቀላቅዬ ለእድሩ አዋጥቻታለሁ፤ ተመልሼ ልመዝግባት ወይም ሌላ ልፈልግ ብል ለእሁድ አልደርስም። ቀይ፣ ድቡልቡል፣ ባለ ቀለበት፤ ስትታይ የምታሳሳ! ምን እንዳላት ምን እንደሌላት አላውቅም። ለእትዬ በላይነሽ በተነበበችበት ዕለት እኔ የፈተና ወረቀት እያባዛሁ ስለነበር ከማሽኑ ጩኸት በቀር የሰማሁት የለም።

እትዬ በላይነሽ ቤት ሄጄ ቀይዋን ይልቀቁልኝ ብዬ በትሕትና ጠየቅሁ። «ማን ሞተብህ?» አሉኝ። ማንም አልሞተብኝም አልኩ። እንግዲያው እድር ያለ ሞት ተከፍቶ አያውቅም አሉ። እትዬ፣ እኮ ለልጅዎ ነው፣ ለሰናይት ነው አልኳቸው፤ በዚህ የሚያበቃ መስሎኝ። ይባስ ብለው ተቆጡ። ለልጇ ብላ ደንብ አፈረሰች ልባል? በስተርጅናዬ? አሉ። ከዚያ ትኩር ብለው አዩኝና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ለእሷ ከሆነ ጥሩ ቀሚስ ግዛላት፣ ሽሮ ሜዳ ሞልቶ የለም ወይ አሉኝ። እኔ ጠፈር ልሰጣት ስል እሳቸው ቀሚስ! ነገሩ ሳይገባቸው ቀርቶ ነው ብዬ በሆዴ ታዘብኳቸው። የሰው ልጅ ሞኝነቱ ሲበዛ የሚታዘበው ብልሁን ነው።

ሳይቸግር ጤፍ ብድር፤ ደንቡን እጃችንን አውጥተን ያጸደቅነው እኛው ነን። እድሩ የሚከፈተው በሞት ከሆነ እንግዲህ አንዲት መንኮራኩር መሞት አለባት። ከድርን አንተ አስከፍትልኝ ስለው፣ በሰው ሚስት ስም መንኮራኩሬን ብገድል የራሴ ሚስት ምን ትለኛለች? አለኝ። እሱም እውነቱን ነው። ስለዚህ የቀረኝን ጭነት ጣቢያ አስረክቤ፣ ባዶ መንኮራኩሬን ይዤ ወደ አንድ ግዙፍ ኮከብ ተምዘገዘግሁ።

መሞት ደግሞ ቀላል ነገር መስሎኝ! መንኮራኩሯ ኮከቡ ሲቀርባት ትጮኻለች፣ በራሷ ፍሬን ትይዛለች፣ አዙራ ወደ ኋላ ትመልሰኛለች። ደግሜ ሞከርኩ፤ ደግማ መለሰችኝ። ኑሪ ሲሏት በየድንጋዩ የምትጋጭ መንኮራኩር፣ ሙቺ ሲሏት እናት ሆነች። በዚህ መሐል መብራት ትዝ አለኝ። ከድርን ጉድ የሠራው መብራት አይደል? ኮከቡ አፋፍ ላይ አድርሻት፣ እጄን መሪው ላይ አድርጌ መብራት እስኪጠፋ ድረስ መጠበቅ ጀመርኩ። ያ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ሳይሰናበት የሚሄደው መብራት፣ ያን ቀን ምን እንደነካው እንጃ፣ ፍንክች አልል አለ! ጎረቤቱ ሁሉ ተመስገን እያለ ልብሱን ይተኩሳል፣ እኔ ብቻዬን ለጨለማ እጸልያለሁ። መብራት አልጠፋ ብሎት የተማረረ ሰው በዚህ ከተማ ከእኔ ሌላ ያለ አይመስለኝም። በመጨረሻ ተነስቼ ሶኬቱን ነቀልኩት።

መርዶውን ለእትዬ በላይነሽ ያደረሱት ከድር ናቸው፤ ያን ቀን እንኳን አንቱ ልበላቸው። አማቴም ወዲያው ሱቄ መጡና፣ ምስክር አለ? አሉ። ከድር እጁን አንስቶ አመዷን አይቻለሁ አለ፤ ኮምፒውተሩን መልሼ ስከፍተው አጠገቤ ነበርና አልዋሸም። እንግዲያው በወጉ እንቀመጥ ተባለ። ለሞተች መንኮራኩር አባላት መጥተው ባለቤቷን ያጽናናሉ የሚል አንቀጽ ማጽደቃችንን ጭራሽ ረስቼው ኖሯል! የቤቴሎቹ መጡ፣ ግድግዳውን ታክከው ተደረደሩ። ዳቦ ተቆረሰ፣ ሻይ ተቀዳ። ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ።

በዚህ መሐል አንዲት እናት መታወቂያ ኮፒ ልታስደርግ ገባች። የተቀመጠውን ሰው ስታይ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰችና፣ እግዚአብሔር ያጥናችሁ ብላ አጠገቤ ተቀመጠች። ሰው አልሞተም ልል አፌን ስከፍት እትዬ በላይነሽ በዓይናቸው ገሠጹኝ፤ ለቅሶ አይቋረጥም። ሴትዮዋ ጠጋ ብላ፣ የሟች ዕድሜ ስንት ነበር? አለችኝ። ገና ናት፣ ምኗንም አልጠገብኩት አልኳት። እንባዋ መጣ። ምን ላድርግ? የእኔም ሆድ ባባ። ለነገሩ ደግ መንኮራኩር ነበረች፤ እስከ መጨረሻዋ ሰዓት የታገለችው እኔን ለማዳን ነው። ሴትዮዋ ስትወጣ ኮፒውንም ረስታው ሄደች፤ በኋላ ሮጬ ሰጠኋት።

ለቅሶው ሲበተን ግምጃ ቤቱ ተከፈተ። እትዬ በላይነሽ የይለፍ ቃሉን በነጠላቸው ከልለው አንድ በአንድ ነካኩና፣ በል ድርሻህን ምረጥ አሉኝ። ቀይዋን አልኩ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት። ከዚህ ሁሉ እሷን? ውሃ ያላት አለች፣ ማዕድን ያላት አለች አሉ። እሷን አልኩ። ደረጀ፣ ልጄ፣ በደንብ አይተሃታል? አሉኝ። እንዴታ! አልኩ፤ ያየሁት ግን ቀለበቷን ነው። እንግዲህ የሐዘንተኛ ምርጫ ይከበራል፣ እኔ ግን የለሁበትም ብለው ሰጡኝ።

ጌሙ መንኮራኩር ለሞተችበት ሰው አንዲት አሮጌ ይሰጠዋል። በእሷ እየተንገጫገጭኩ፣ ሌላ ሰው እንዳይቀድመኝ በየኮከቡ ስለት እየተሳልኩ ጣቢያው ደረስኩ። ማንም አልቀደመኝም። አስረከብኩ። ስም ያስገቡ የሚል ሳጥን ብቅ አለ። ሰናይት ብዬ ጻፍኩ። አንዴ የወጣ ስም አይለወጥም ይላል ጌሙ፤ እኔም ማን ይለወጥ አለ! አልኩ።

እሁድ ኮምፒውተሩን ተሸክሜ ቤት ገባሁ። እህቶቿ መጥተዋል፣ እትዬ በላይነሽ ከሁሉም ከፍ ያለው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፣ ከድርም ስለደከመበት ተጠርቷል። ሰናይት ፀጉሯን ተሠርታለች፤ ለፕላኔት ብላ ፀጉር ቤት የሄደች የመጀመሪያዋ ሴት እሷ ሳትሆን አትቀርም። ምሳ ተበልቶ እጅ ታጠብንና ከፈትኩት። ጥቁሩ ሰማይ ላይ ቀይዋ ፕላኔት ቀለበቷን አድርጋ ቀስ ብላ ትዞራለች፤ ከላይዋ «ሰናይት» ይላል። ታናሽ እህቷ እልል አለች። ሰናይት እጇን አፏ ላይ አድርጋ፣ ደረጄ፣ እንዴት ታምራለች! አለችኝ። በዚያች ደቂቃ ከእኔ በላይ ባል በቀራንዮ አልነበረም።

ከሥር ግን ጽሑፍ አለ። ሰናይት ደግሞ የሕመምተኛ ካርድ ስታነብ የምትውል ሴት ናት፣ ጽሑፍ አይታ አታልፍም። ወደ ኮምፒውተሩ ጠጋ አለችና ለእህቶቿ እየተረጎመች ማንበብ ጀመረች። የገጿ ሙቀት እርሳስ ያቀልጣል። ነፋሷ ያለማቋረጥ ይነፍሳል። አየሯ መርዛማ ነው። እሳተ ገሞራዋ ሳያስጠነቅቅ ይፈነዳል። ለመኖሪያ ፈጽሞ አትመችም።

ታናሽ እህቷ የቀረውን እልልታ ዋጠችው። ከድር ጣሪያውን ያጠናል፤ ከአፉ የወጣውን የራሱን ንባብ ያስታወሰው ገና ያን ጊዜ ነው፣ ከሃዲ! እትዬ በላይነሽ ብቻ ምንም እንዳልተፈጠረ ብርቱካናቸውን ይልጣሉ። ቀሚስ ግዛላት ያሉኝ ለምን እንደነበር ገባኝ፤ ዘግይቶ መግባት ምን ያደርጋል?

ሰናይት ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች። ይህን አንብበህ ነው በስሜ የሰየምካት ወይስ ሳታነብ? አለችኝ። እስቲ እናንተ መልሱልኝ! አንብቤ ነው ብል ስድብ ነው፤ ሳላነብ ነው ብል ንቀት ነው። ሁለት ገደል አቅርቦ ምረጥ የሚል ዳኛ አማቴ ብቻ ይመስሉኝ ነበር፤ ለካ ልጅ ወልደዋል። ሳላነብ አልኩ። ያን ሁሉ ስትዞራት? አለች። ስታምርብኝ ጊዜ ማንበቡን ረሳሁት አልኩ። ለማምለጥ ብዬ እንዳይመስላችሁ፤ ሌላ ምክንያት ብፈልግም አልነበረኝም።

ከንፈሯን ነከሰች። አለቀልኝ ብዬ አንገቴን ደፋሁ። ቀና ስል ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ሳቅ ነው! እንባዋ እስኪወርድ፣ ጠረጴዛውን እስክትደግፍ ሳቀች። ለመኖሪያ አትመችም ይላል እኮ፣ አንተ እንዴት ኖርክ? አለችኝ። ለምጄ አልኩ። እህቶቿ ተንጫጩ፣ ከድርም ጣሪያውን ትቶ ወረደ። እትዬ በላይነሽ አንዲት የብርቱካን ክፋይ አጉርሰውኝ፣ እኔንም እንዲሁ ይሉኝ ነበር፣ ነፍሱን ይማረውና አባቷም ለምዶ ነው የኖረ አሉ። እኔ የጠፈር ነገር ሲያሳስበኝ ለካ የኖርኩት በዘር በሚወርድ የአየር ጠባይ ውስጥ ነው።

በቀጣዩ ቅዳሜ ደንቡ ላይ አንድ አንቀጽ ተጨመረ፤ አዋጪው ያመጣውን ራሱ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል፣ ያላነበበ አያዋጣም፣ ያላነበበ አይሰይምም። የማን አንቀጽ እንደሆነ ማንም አልተናገረም፤ ሁሉም ግን እኔን አየኝ። ይሁን፣ ተቀበልኩ። እንዲያውም አሁን ማንበብ ጣመኝ። ያ ሁሉ ስለቅመው የኖርኩት ድንጋይ ስንት ታሪክ ኖሮታል! ሽሮዬም ላይ ቅቤው አልቀረም፤ ነገር አበላሽቼ ስመሰገን ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ፕላኔቷ ግን ጭራሽ ስሟ ገነነ። ቀለበቷን ከሩቅ እያየ የማይመጣ ተጫዋች የለም፤ ሊያርፍባት የሞከረ ሁሉ ነደደ። ሰሞኑን ደግሞ አንድ የውጭ አገር ተጫዋች ጻፈልኝ። ሰናይት ላይ ለማረፍ ስሞክር መንኮራኩር ጨረስኩ፣ ስም ያወጣህላት አንተ ነህና እባክህ የሚገባበትን መንገድ አሳየኝ ይላል። ሰናይት ወደ ሥራ ለመሄድ ጋዋኗን እያጠፈች ቦርሳዋ ውስጥ ትከታለች። አነበብኩላትና፣ ምን ብዬ ልመልስለት? አልኳት።

ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ በሩን ከፈተች።

«ባለትዳር ናት በለው» አለችኝ።